ብዙ አሃዝ የሚያሳይ ሚዛን ሁሉ ትክክለኛ ነው? ስለ መለኪያ መሣሪያዎች ትብነት

የመጋዘን ልጅ (ጅማ)፦

ለመድረኩ አባላት በሙሉ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የምሠራው ጅማ ከተማ ውስጥ በሚገኝ የቡና መጋዘን በጥራት ክትትል ክፍል ሲሆን፣ ከሥራዬ አንዱ አቅራቢዎች ከሚያመጡት ቡና ናሙና እየወሰድኩ እርጥበቱን መለካት ነው። ለዕለት ሥራ የምንጠቀመው በእጅ የሚያዝ የእርጥበት መለኪያ ነው። ክርክር ሲነሣ ግን 10 ግራም ያህል የተፈለፈለ ቡና እንመዝናለን፣ በ105 ዲግሪ ሴልሺየስ ኦቨን ውስጥ ለ16 ሰዓት እናደርቀዋለን፣ ከዚያም እንደገና መዝነን የጎደለውን በመቶኛ እናሰላለን።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የነበረን ሚዛን እስከ 0.1 ግራም ብቻ የሚያሳይ ነበር። አሁን ከአውሮፓ የመጣ፣ እስከ 0.01 ግራም የሚያሳይ ሚዛን ተገዝቶልናል። በዚህ አዲስ ሚዛን ላይ ሁለት ነገሮች ግራ አጋብተውናል። አንደኛ፣ ከኦቨን የወጣውን ናሙና ስናስቀምጥበት ቁጥሩ አይቆምም፤ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። አሮጌው ሚዛን ላይ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም። ሁለተኛ፣ የ200 ግራም መፈተሻ ክብደት ስናስቀምጥበት 199.31 ይላል፤ አንሥተን ብንመልሰውም 199.30 ወይም 199.31 ነው እንጂ ከዚያ አይወጣም። አሮጌው ደግሞ 200.0 ይላል።

ከባልደረቦቼ ግማሾቹ «አዲሱ ሴንሲቲቭ ስለሆነ የእርሱን ንባብ መቀበል አለብን» ይላሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ «የማይቆምና 200 ግራምን በትክክል የማይናገር ሚዛን ተበላሽቷልና ይመለስ» ይላሉ። የአንድ መለኪያ ትብነት ማለት በትክክል ምን ማለት እንደሆነና የትኛውን ሚዛን ማመን እንዳለብን የምታውቁ ብታስረዱኝ ባለውለታችሁ ነኝ።

ፊዚክስ መምህሩ፦

ወንድሜ የመጋዘን ልጅ፣ ጥያቄው በደንብ የቀረበ ስለሆነ መልሱን ለማደራጀት አያስቸግርም። ባልደረቦችህ የተከራከሩት ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም እየጠሩ ይመስለኛል።

የአንድ መለኪያ ትብነት ማለት የሚለካው ነገር በትንሹ ሲለወጥ መሣሪያው የሚሰጠው ምላሽ ምን ያህል ነው የሚለው ነው። የምላሹን ለውጥ ወስደን ምላሹን ላመጣው ለውጥ ስናካፍል የምናገኘው ውጤት ነው፤ በግራፍ ብናስቀምጠው የመስመሩ ስሎፕ (ተዳፋት) ማለት ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ አሃድ አለው። ለምሳሌ ሙቀት ከሚለኩት መካከል ኬ የተባለው ዓይነት ተርሞከፕል በአንድ ዲግሪ 41 ማይክሮቮልት ገደማ ይሰጣል፤ ፒቲ100 የሚባለው የፕላቲነም ሽቦ በአንድ ዲግሪ 0.385 ኦም ይጨምራል፤ በ25 ዲግሪ 10 ኪሎ ኦም የሆነ የተለመደ ተርሚስተር ደግሞ በአንድ ዲግሪ ከ400 ኦም በላይ ይቀንሳል።

ከእነዚህ ውስጥ ተርሚስተሩ እጅግ ትቡ ነው። ይሁን እንጂ ከ1000 ዲግሪ በላይ የሚደርስ እቶን ለመለካት ማንም ተርሚስተር አያስገባም፤ ተርሞከፕሉ ግን ያንን ሙቀት ይችለዋል። በተጨማሪም የተርሚስተሩ መስመር ቀጥ ያለ ስላልሆነ ትብነቱ ራሱ እንደ ሙቀቱ ይለዋወጣል። ፕላቲነሙ ምላሹ ትንሽ ቢሆንም ለረጅም ጊዜ ባሕርዩን ስለማይቀይር ላብራቶሪዎች የሚመርጡት እርሱን ነው። ይህን ያነሣሁት፣ ትብነት ብቻውን ጥሩና መጥፎ መሣሪያን አይለይም ለማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ማሳያው ላይ የሚነበበው የመጨረሻው አሃዝ ነው፤ ይህ ሪዞሉሽን ይባላል፣ የአንተ አዲስ ሚዛን 0.01 ግራም ያለው ማለት ነው። ሦስተኛው ትክክለኛነት ነው፤ ንባቡ ከእውነተኛው ዋጋ ምን ያህል ይርቃል የሚለው። አዲሱ ሚዛንህ ሁለቱን የ200 ግራም ንባቦች በ0.01 ግራም ልዩነት መድገሙ ወጥነቱን ያሳያል፤ ከ200 በ0.69 ግራም መራቁ ደግሞ ስሎፑ ለዚህ ቦታ አለመስተካከሉን ያሳያል። ሁለቱ አይጋጩም። የ0.69 ግራሙ ምክንያት ግን ምን እንደሆነ ስለገመትኩ፣ ሌሎች ከጻፉ በኋላ እመለስበታለሁ።

አባ ሚዛን፦

መምህር የጻፉት ትክክል ነው። እኔ ረጅም ዘመን ስጠግን የኖርኩት ባለ ሁለት ሳህን ሚዛኖችን ስለሆነ በእርሱ በኩል ልጨምር።

በባለ ሁለት ሳህኑ ሚዛን ውስጥ ትብነት በዓይን የሚታይና በእጅ የሚስተካከል ነገር ነው። ሳህኖቹ የተንጠለጠሉበት አግዳሚ ዘንግ የሚያርፈው በቢላዋ ጠርዝ ላይ ነው፤ የዘንጉ የክብደት ማዕከል ከዚያ ጠርዝ ምን ያህል ዝቅ እንዳለ በጠቋሚው ላይ ባለች ትንሽ ብሎን ይወሰናል። ብሎኗን ወደ ላይ ስናዞራት ማዕከሉ ወደ ጠርዙ ይጠጋል፤ ያን ጊዜ በአንዱ ሳህን ላይ የምትጨመር ትንሽ ነገር ጠቋሚውን ብዙ ታዘነብለዋለች። ሚዛኑ ትብ ሆነ ማለት ነው። ነገር ግን ውዝዋዜውም አብሮ ይዘገያል፤ ትብነቱ አራት እጥፍ ሲሆን አንዱ ውዝዋዜ የሚፈጀው ጊዜ ሁለት እጥፍ ይሆናል። ማዕከሉ ከጠርዙ በላይ ካለፈ ደግሞ ሚዛኑ ወደ አንዱ ጎን ወድቆ ይቀራል እንጂ አይመዝንም። ስለዚህ ዋና ጠጋኝ ሚዛኑን የሚያስተካክለው የተቻለውን ያህል ትብ ለማድረግ ሳይሆን፣ ለሚመዘነው ዕቃ የሚበቃውን ያህል ትብ ለማድረግ ነው። የወርቅ ሠሪውና የቡና ነጋዴው ሚዛን የሚለያዩት በዚህ ነው።

ቢላዋው ሲደንዝ ወይም አቧራ ሲይዝ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል፦ ትንሽ ክብደት ብትጨምርም ጠቋሚው ንቅንቅ አይልም። ከዚህ ደንዳና ቀጠና በታች ያለውን ለውጥ ሚዛኑ ጨርሶ አያውቀውም። ያኔ ብሎን ማዞር አያድነውም፤ ጠርዙን መሳል ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ይህ ሚዛን ክብደትን ከክብደት ጋር ያነጻጽራል እንጂ ክብደቱ ምን ያህል እንደሚጫን አይለካም። ስለዚህ ጅማም ይሁን ሌላ አገር 200 ግራሙ ከ200 ግራም ጋር ይተካከላል። የዲጂታሉ ሥራ ግን እንደዚያ አይደለም፤ መምህር የገመቱትም ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም።

ፊዚክስ መምህሩ፦

አባ፣ የገመትኩትን አውቀውብኛል። ዲጂታል ሚዛን በውስጡ ያለው ሎድ ሴል የሚለካው ኃይልን ነው፤ ግራም የሚለውን የሚያገኘው ያንን ኃይል በመሬት ስበት ካካፈለ በኋላ ነው። በሰሜንና በመካከለኛው አውሮፓ የመሬት ስበት 9.81 ሜትር በሰከንድ ካሬ ገደማ ነው። ጅማ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፣ ከባሕር ጠለልም ከ1700 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ሁለቱም ምክንያቶች ስበቱን ስለሚቀንሱት እዚህ 9.776 ገደማ ነው። 9.776ን ለ9.81 አካፍለን በ200 ብናባዛ 199.31 ይመጣል፤ ጠያቂያችን ከጻፈው ንባብ ጋር ይገጥማል። ሚዛኑ በፋብሪካው ለተስተካከለበት ቦታ ትክክለኛ ነው፤ ለጅማ ገና አልተስተካከለም። አሮጌው 200.0 የሚለው ደግሞ እዚሁ አገር ውስጥ በመፈተሻ ክብደት ስለተስተካከለ ይሆናል።

ለነገሩ ይህ የ0.35 በመቶ ልዩነት ሁልጊዜም የነበረ ነው። ቁም ነገሩ ልዩነቱን እንድናየው ያደረገን አዲሱ ሚዛን ለጅማ ሳይስተካከል መምጣቱ ነው እንጂ የአሃዞቹ ብዛት አይደለም። ብዙ መመሪያዎች ትብ ሚዛን በሚተከልበት ቦታ ካሊብሬት ይደረግ (በመፈተሻ ክብደት ይስተካከል)፣ ክፍልም ሲቀየር ይደገም የሚሉት ስለዚህ ነው።

አቅራቢው፦

ይቅርታ ላቋርጣችሁና፣ ይህ ነገር ለእኛ ለአቅራቢዎች የሚያስፈራ ነው። 0.35 በመቶ በ60 ኪሎ ጆንያ ላይ ከ200 ግራም በላይ፣ በኩንታል ደግሞ ወደ 350 ግራም ይሆናል። እንግዲህ ከውጭ የመጣ ሚዛን ሁሉ እንደመጣ የሚሠራበት ከሆነ የጎደለው ኪሳራ በማን ኪስ ገባ? ለእኔ እንደሚመስለኝ ትብ ሚዛን ከመግዛት በፊት የአሮጌው መስተካከል ይቅደም።

የመጋዘን ልጅ፦

አመሰግናለሁ። ጋሼ አቅራቢው ስጋትዎ ይገባኛል፤ ይህ ሚዛን ግን ጆንያ የሚመዘንበት አይደለም፣ ከ500 ግራም በላይም አይችልም። የጆንያው ሚዛን በየጊዜው የሚፈተሽና ማኅተም የሚደረግበት ነው።

አሁን የገባኝ ስለ 199.31 ነው። በዚህ ሚዛን የሠራናቸው የእርጥበት ውጤቶች ሁሉ ስህተት ናቸው ማለት ነው? ከዚህም ሌላ የማይቆመው ቁጥር አሁንም አልተፈታልኝም።

አፈር ላብራቶሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የአፈር ናሙናም በዚሁ መንገድ በኦቨን ስለሚደርቅ ሁለቱንም ጥያቄዎች ልመልስ።

የእርጥበት ውጤቶቻችሁ አልተበላሹም። እርጥበት የሚሰላው የጎደለውን ክብደት ለመጀመሪያው ክብደት በማካፈል ስለሆነ፣ ሁለቱም በእኩል መቶኛ ሲያንሱ ስህተቱ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። 10.00 ግራም ቡና ደርቆ 8.84 ቢሆን እርጥበቱ 11.6 በመቶ ነው። ያልተስተካከለው ሚዛን 9.97 እና 8.81 ይላል፤ አካፍሉት፣ አሁንም 11.6 ነው። ያው ስህተት ጆንያ ሲመዘን ገንዘብ ያጎድላል፣ እርጥበት ሲሰላ ግን ከቁጥር አይገባም። ስለዚህ ስህተት ሲታይ «ስንት ነው?» ከሚለው በፊት «የምፈልገው ውጤት ላይ ይደርሳል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ወደ ላይ የሚወጣው ቁጥር ግን ሌላ ነው፤ እርሱ ውጤቱን በእርግጥ ያበላሻል። ናሙናው ትኩስ እያለ ሚዛኑ ላይ ሲቀመጥ በዙሪያው ያለው አየር ሞቆ ወደ ላይ ይነሣል፣ ሳህኑንም በመጠኑ ያነሣዋል፤ ስለዚህ ሚዛኑ ከእውነተኛው ያነሰ ያሳያል። ናሙናው እየቀዘቀዘ ሲሄድ ንባቡ እየጨመረ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ደግሞ የደረቀው ቡና ከአየሩ እርጥበት መሳብ ይጀምራል፤ በክረምት ወራት ጅማ ላይ ይህ ፈጣን ነው። አሮጌው ሚዛን ይህንን ሁሉ አላሳየም ማለት ነገሩ አልነበረም ማለት አይደለም፤ 0.03 ግራም ለውጥ በ0.1 ግራም አሃዝ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። በ10 ግራም ናሙና ላይ ግን 0.03 ግራም ማለት የእርጥበት ውጤቱን በ0.3 ነጥብ ያንቀሳቅሰዋል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ናሙናውን ክዳን ባለው ትንሽ ሳህን ማድረቅ፣ ከኦቨን እንደወጣ ከድኖ ዴሲኬተር (እርጥበት የሚስብ ነገር ያለበት ዝግ ዕቃ) ውስጥ ማቀዝቀዝ፣ የክፍሉን ሙቀት ሲይዝ መመዘን ነው። ከዚህ በኋላም ቁጥሩ ቀስ እያለ መውጣቱን ከቀጠለ ክዳኑ በደንብ አይገጥምም ማለት ነው።

ሰርኪት ተማሪ፦

እኔ በኢንጂነሪንግ የምማር ነኝ፤ በአብዛኛው የተባለውን እቀበላለሁ። ነገር ግን ትብነት በገንዘብ የሚገዛ ነገር መሆኑ ቀርቷል የሚል ሐሳብ አለኝ። በ5 ኪሎ ሎድ ሴልና ኤችኤክስ711 በምትባል ርካሽ ቺፕ ሚዛን ሠርቻለሁ። ቺፗ ባለ 24 ቢት ናት፤ ይህም ከ16 ሚሊዮን በላይ ደረጃዎች ማለት ነው። ስሌቱን ስሠራው አንዱ ደረጃ 1 ሚሊግራም ያህል ይሆናል። እንግዲህ መጋዘኑ ውድ ሚዛን ከመግዛት ይልቅ እንዲህ ያለውን ቢያሠራ አይሻልም ነበር?

ጥገና ክፍል፦

ወንድም ሰርኪት ተማሪ፣ ሥራህን አደንቃለሁ፤ ግን ስሌቱን እስከ መጨረሻው አላደረስከውም። የተለመደ ሎድ ሴል በሙሉ ጭነት የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ቮልት 2 ሚሊቮልት ነው። በ5 ቮልት ስታሠራው 5 ኪሎ ሲጫንበት 10 ሚሊቮልት ታገኛለህ፤ ስለዚህ 1 ግራም ማለት 2 ማይክሮቮልት ነው። የሴሉ ትብነት ይህ ነው፤ ቺፗ ልትለውጠው አትችልም። ቺፗ ራሷ፣ በመረጃ ወረቀቷ እንደተጻፈው፣ በሰከንድ 10 ጊዜ ስታነብ 50 ናኖቮልት ያህል የራሷ ኖይዝ (ጭነት ሳይቀየር የሚዋዥቅ ምልክት) አላት። 50 ናኖቮልት ለ2 ማይክሮቮልት ሲካፈል 0.025 ግራም ነው። ይህ አማካይ መዋዠቁ ስለሆነ፣ ለጥቂት ጊዜ ብትመለከተው ቁጥሩ ከ0.1 ግራም በላይ ስፋት ባለው ክልል ውስጥ ሲዋልል ታየዋለህ። ከ24ቱ ቢቶች የመጨረሻዎቹ ጥቂቶች የሚቆጥሩት ኖይዝን እንጂ ቡናን አይደለም።

«አማካይ እወስዳለሁ» ትለኝ ይሆናል። ጥሩ ነው፤ 16 ንባቦችን ብታማክል ኖይዙ ወደ ሩብ ይወርዳል። ነገር ግን ሴሉ ጭነት ሲቆይበት ቀስ እያለ የሚሳሳበው ነገርና የክፍሉ ሙቀት ሲቀየር የሚያመጣው መንሸራተት በማማከል አይጠፋም። የሚጠፋው ወዲያና ወዲህ የሚዋዥቀው ብቻ ነው፤ ወደ አንድ ወገን የሚሄደው ይቀራል። ለ10 ግራም ናሙና 5 ኪሎ የሚችል ሴል መምረጥም መጀመሪያውኑ አይመከርም፤ 100 ወይም 200 ግራም የሚችል ሴል ብትጠቀም ያንኑ 10 ሚሊቮልት ለጥቂት ግራም ስለምትመድበው ትብነቱ በብዙ እጥፍ ያድጋል። በቺፕ ከመድከም ይልቅ ይህ ይቀላል።

ከእኔ ሥራ አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ ትብ ያልሆነ መሣሪያ የሚለካውን ነገር ራሱን እንደሚያበላሽ ስለሚያሳይ። ሁለት 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ተከታትለው ከ10 ቮልት ጋር ቢያያዙ በመካከላቸው 5 ቮልት አለ። ትብነቱ በቮልት 1000 ኦም የሆነ አሮጌ ባለ ጠቋሚ ቴስተር በ10 ቮልት ክልሉ ላይ ሆኖ (ያኔ የራሱ ሬዚስታንስ 10 ኪሎ ኦም ነው) ሲለካው 0.83 ቮልት ያነባል። በቮልት 20,000 ኦም የሆነው 4 ቮልት ያነባል። 10 ሜጋ ኦም የመግቢያ ሬዚስታንስ ያለው ዲጂታሉ 4.975 ይላል። ሦስቱም ጤነኞች ናቸው፣ ሦስቱም የሚናገሩት በዚያች ቅጽበት በጫፋቸው ላይ ያለውን እውነተኛ ቮልቴጅ ነው፤ ቮልቴጁን የቀነሱት ግን እነርሱው ናቸው። ጠቋሚውን ለማንቀሳቀስ ብዙ ኩረንት የሚፈልገው ቴስተር ከሰርኪቱ ይወስዳል። ሬዲዮ ሲጠገን ጤነኛ ክፍል ተበላሽቷል ተብሎ የሚጣለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሰርኪት ተማሪ፦

ስለ ክልሉ ምርጫ የጻፉት አሳምኖኛል። ስለ ዋጋው ግን አሁንም በሐሳቤ እጸናለሁ፤ በትንሽ ሴል፣ በጥሩ አሠራርና በመፈተሻ ክብደት ታግዞ እዚሁ የሚሠራ ሚዛን ለእርጥበት ሥራ ይበቃል። ለንግድ ሚዛን ግን ሕጋዊ ማረጋገጫ ስለሚያስፈልገው አልከራከርም።

አፈር ላብራቶሪ፦

ትብነት አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚኖር ነገር አለመሆኑንም ማንሣት ይገባል። በየቀኑ የምጠቀምበት የፒኤች (የአሲዳማነት መጠን) መለኪያ ኤሌክትሮድ አዲስ ሲሆን በ25 ዲግሪ ለአንድ ፒኤች 59.16 ሚሊቮልት ይሰጣል፤ ይህ ከተፈጥሮ ሕግ የሚመጣ ቁጥር ስለሆነ የትኛውም ፋብሪካ ሊበልጠው አይችልም። እያረጀ፣ እየደረቀ፣ በሸክላ አፈር እየተሸፈነ ሲሄድ ግን ይቀንሳል። ለዚህ ነው ፒኤቻቸው የታወቀ ሁለት ፈሳሾች፣ 4.01 እና 7.00፣ የምንጠቀመው፤ በመካከላቸው 177 ሚሊቮልት ያህል ልዩነት ማግኘት አለብን። 150 ብቻ ካገኘን ኤሌክትሮዱ 85 በመቶ ላይ ነው።

ይህንን ሳያዩ በ7.00 ብቻ አስተካክሎ የሚሠራ ሰው ምን ይገጥመዋል? ፒኤቹ 5.0 የሆነ አፈር 5.3 ተብሎ ይነበባል። በእኛ አካባቢ ቀዩ አፈር በብዛት አሲዳማ ስለሆነ፣ ይህ 0.3 አርሶ አደሩ በማሳው ላይ የሚጨምረውን የኖራ መጠን ያሳስታል። በ7.00 አካባቢ ያለ አፈር ቢለካ ደግሞ ምንም ስህተት አይታይም። በአንድ ነጥብ የተስተካከለ መሣሪያ በዚያች ነጥብ ላይ ሁልጊዜ ደህና ይመስላል።

ፊዚክስ መምህሩ፦

እህቴ ያነሣሽው እጅግ ጠቃሚ ነው፤ የመጋዘኑ የእጅ እርጥበት መለኪያም በዚሁ መታየት አለበት። እነዚህ መለኪያዎች በአብዛኛው የሚሠሩት በካፓሲታንስ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ቻርጅ የመያዝን አቅም በመለካት ነው። የንጹህ ውሃ ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንት (ይህንን አቅም በስንት እጥፍ እንደሚያሳድግ የሚናገር ቁጥር) በክፍል ሙቀት 80 ገደማ ሲሆን የደረቀ እህል ግን ጥቂት ብቻ ስለሆነ፣ በቡናው ውስጥ ያለች ትንሽ ውሃ ካፓሲታንሱን ብዙ ትለውጠዋለች። ትብነቱ የሚመጣው ከዚህ ልዩነት ነው። ነገር ግን ያው መሣሪያ ለቡናው ሙቀት፣ ጽዋው ውስጥ ምን ያህል ታጭቆ እንደገባና ጀንፈል ወይስ የተፈለፈለ ለመሆኑም ትብ ነው። ከፀሐይ አልጋ ላይ ትኩስ እንዳለ የተለካና በጥላ የቆየ ቡና የተለያየ ቁጥር ቢሰጡ አያስገርምም።

ለመፈተሽ፣ እርጥበታቸው የተለያየ፣ ለምሳሌ ከ9 እስከ 13 በመቶ የሚደርሱ ናሙናዎችን በኦቨን ለክታችሁ ከመለኪያው ንባብ ጋር በግራፍ አስቀምጡ። ንባቡ በሁሉም ላይ በእኩል 0.5 ከፍ ብሎ ከተገኘ 0.5 መቀነስ ይበቃል። እውነተኛው እርጥበት በ1 ሲጨምር መለኪያው በ0.6 ብቻ የሚጨምር ከሆነ ግን ችግሩ የስሎፕ ነው፤ መቀነስ አይፈውሰውም። እንዲህ ያለው መለኪያ ደረቁን ቡና እርጥብ፣ እርጥቡን ደግሞ ደረቅ አድርጎ ወደ መሐል ይሰበስበዋል፤ አደጋውም መጋዘን ውስጥ ሊሻግት የሚችለውን ቡና ደህና ነው ብሎ ማሳለፉ ነው። የዓለም አቀፉ ቡና ድርጅት የመከረው ክልል ከ8 እስከ 12.5 በመቶ ስለሆነ፣ በተለይ በላይኛው ጫፍ ዙሪያ ያለውን ንባብ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የኦቨኑንም ቴርሞሜትር አትርሱ። አንድ ጊዜ የፈላ ውሃ ውስጥ ተነክሮ 94 ዲግሪ ስላሳየ ተበላሽቷል ተብሎ ሊጣል የነበረ ቴርሞሜትር አይቻለሁ። በጅማ ከፍታ ውሃ የሚፈላው እዚያው 94 አካባቢ ነው፤ ቴርሞሜትሩ እውነቱን ነበር የተናገረው። በበረዶ ውሃ 0፣ በፈላ ውሃ 94 አካባቢ ካለ ስሎፑ ጤነኛ ነው።

አቅራቢው፦

ሁሉም ጥሩ ነው፤ ግን እኛ የምንከራከረው በግማሽ ነጥብ ነው። 12 ነው ሲሉን 11.5 ነው እንላለን። ለዚያ ስንት አሃዝ ያለው ሚዛን ይበቃል? አንድ ሰው ቁርጡን ይንገረኝ።

ጥገና ክፍል፦

ጋሼ፣ ቁርጡ በ10 ግራም ናሙና ላይ እንዲህ ነው። ግማሽ ነጥብ ማለት 0.05 ግራም ነው። 0.1 ግራም የሚያሳየው አሮጌ ሚዛን በአንድ ምዘና እስከ 0.05 ሊያጠጋጋ ይችላል፤ ምዘናው ሁለት ጊዜ ስለሆነ ክፉ ቀን ከመጣ ስህተቱ 0.1 ግራም፣ ማለትም አንድ ሙሉ ነጥብ ይደርሳል። ስለዚህ በእርሱ 11.5ን ከ12 መለየት አይቻልም፤ ከዚህ በፊት በእርሱ የተፈረደ ክርክር ካለ በዕድል የተፈረደ ነው። 0.01 የሚያሳየው ሚዛን በማጠጋጋት ብቻ ቢበዛ 0.1 ነጥብ ያሳስታል፤ ለክርክራችሁ ይበቃል። 0.001 የሚያሳይ ቢገዛ ግን ብዙ አይጨምርም፤ ከአንድ ጆንያ በተለያየ ቦታ የተወሰዱ ሁለት ናሙናዎች ራሳቸው ከዚያ በላይ ይለያያሉና።

ኦቨኑ ሰፊ ከሆነ ሌላም መንገድ አለ፦ ናሙናውን ማብዛት። 100 ግራም ቢደርቅ በአሮጌው ሚዛን እንኳ ያው 0.1 ነጥብ ላይ ይደረሳል። ግን ፍሬው በስስ ተዘርግቶ በሙሉ መድረቁ መረጋገጥ አለበት፤ የተለመደው 16 ሰዓት የተወሰነው ለትንሽ ናሙና ነውና።

የመጋዘን ልጅ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሚዛኑን በጠረጴዛው ላይ አስተካክለን ከተከልነው በኋላ በራሱ የካሊብሬሽን ትእዛዝ በ200 ግራሙ ክብደት አስተካከልነው። አሁን 200.00 ይላል፤ በ100 ግራሙ ስንፈትሸው 100.00፣ በ50ው 50.00 ይላል። ናሙናውን በዴሲኬተር አቀዝቅዘን ስንመዝነው ደግሞ ቁጥሩ ይቆማል። አስቀምጠነው ከነበረ ቡና ላይ ወስደን የደገምነው ውጤትም፣ እንደተባለው፣ ከማስተካከሉ በፊት ካገኘነው አልተለየም። የእጅ መለኪያውን በግራፍ የማየቱን ሥራ ጀምረናል። የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ 200 ግራሙ ክብደት ራሱ 200 ግራም መሆኑን በምን አውቃለሁ?

አባ ሚዛን፦

ልጄ፣ በመጀመሪያ የክብደቱን ሳጥን ተመልከት። ደረጃው ተጽፎበታል። ኤም1 ከሆነ የ200 ግራሙ የተፈቀደ ስህተት 10 ሚሊግራም ነው፤ ይህም የሚዛንህ አንድ የመጨረሻ አሃዝ ስለሆነ ይስማማችኋል። ኤፍ2 ከሆነ 3 ሚሊግራም ነው፤ ከሚያስፈልጋችሁ በላይ ነው። ኤም3 ከሆነ ግን 100 ሚሊግራም፣ ማለትም አሥር አሃዝ ስለሆነ፣ ለእርጥበት ስሌቱ ባይጎዳም 200.00 የሚለውን ንባብ እንደ እውነት አትቁጠረው። ደረጃም የምስክር ወረቀትም የሌለው ከሆነ አዲስ አበባ ወዳለው የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ልካችሁ አስፈትሹት። እስከዚያው በባዶ እጅ አትንኩት፤ በጓንት ወይም በመቆንጠጫ ያዙት፤ የእጅ ቅባትና ላብ ይጨምሩበታል፣ ፍግፈጋ ደግሞ ይቀንስለታልና።